ተሰጥዖና ትምህርት ቤት በጎጃም ደጋ፤ ከቅኔ ጉባኤ እስከ ብሔራዊ ፈተና

መግቢያ

አንድን ሕፃን ከእኩዮቹ ለይቶ «ባለ ተሰጥዖ» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ተፈጥሮ ነው፣ አስተዳደግ ነው፣ ወይስ ትጋት? ትምህርት ቤትስ እንዲህ ያለውን ሕፃን ሲያገኝ ምን ሊያደርግለት ይገባል? ጥያቄዎቹ የሥነ ልቦና ሊቃውንትን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያከራክሩ ቆይተዋል። በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አካል ጉዳተኞችም ሆኑ ልዩ ተሰጥዖ ያላቸው ሕፃናት እንደ ችሎታቸውና እንደ ፍላጎታቸው እንዲማሩ ማስቻልን ከዝርዝር ዓላማዎቹ እንደ አንዱ አድርጎ አስፍሯል። ስለ አካል ጉዳተኞች የተነገረው ክፍል ከዚያ ወዲህ ስትራቴጂ ወጥቶለታል፤ ልዩ መምህራንም ሠልጥነውለታል። ስለ ባለ ተሰጥዖዎቹ የተነገረው ግን በአብዛኛው በወረቀት ላይ እንደ ሰፈረ ቆይቷል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ተሰጥዖ ከውጭ የመጣ፣ ውድ መለኪያና ልዩ ሕንፃ የሚጠይቅ ጉዳይ ተደርጎ መታየቱ ነው። ነገር ግን በጎጃም ደጋ፣ በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ፣ ስለ ብሩህ አእምሮ ምንነት ሲከራከርና ለዚያም የሚስማማ የማስተማሪያ ሥርዓት ሲያበጅ የኖረ ማኅበረሰብ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ሥርዓት ተሰጥዖን እንዴት ያወጣ እንደ ነበር፣ እነማንን በር ዘግቶ እንዳስቀረ፣ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲተካውም ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ጠፋ መመርመር ነው።

1. ጸጋ፣ ዘር፣ አብሾና ትጋት

በጎጃም የቅኔ አገሮች የአንድ ተማሪ አእምሮ ከሌሎቹ ልቆ ሲገኝ ምክንያቱን ለማስረዳት የሚሰጡት ሐሳቦች በአራት ሊመደቡ ይችላሉ።

የመጀመሪያው ጸጋ ነው። ዕውቀት የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ ለወደደው ይገልጥለታል የሚል እምነት ነው። ሁለተኛው ዘር ነው፤ «የሊቅ ልጅ ሊቅ ነው» የሚለው አስተሳሰብ በደብር አካባቢ ባደጉ ቤተሰቦች ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር። ሦስተኛው አብሾ ነው። አብሾ በመባል የሚታወቀው የዕፅ መድኃኒት አእምሮን ይከፍታል ተብሎ በቅኔ ተማሪዎች ዘንድ ሲወራ ኖሯል፤ መጠኑ ያለፈበት እንደሆነ ደግሞ ሰውን ያሳብዳል ተብሎ ይፈራል። በቅኔ የተራቀቀውን ሁሉ «አብሾ ጠጥቷል» ማለትም የተለመደ ነበር።

አራተኛው ትጋት ነው። ለዚህኛው ወገን ታላቁ ምስክር የ6ኛው ክፍለ ዘመን የዜማ ደራሲ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት አልገባው ብሎ በመምህሩና በአጎቱ በጌዴዎን ተገርፎ ሸሸ። በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሳለ አንድ ትል ግንዱን ለመውጣት ደጋግሞ እየወደቀ በመጨረሻ ሲሳካለት አየ፤ ከዚያ ተምሮ ተመለሰ። በብሔሩ ትውፊት ከሁሉ የላቀ ባለ ተሰጥዖ ተብሎ የሚከበረው ሰው ደካማ ተማሪ የነበረ መሆኑ ለመምህራን ቀላል ትምህርት አይደለም። በዘመናዊው አሠራር ቢሆን ያ ልጅ በመጀመሪያው ዓመት «ወዳቂ» ተብሎ ተመዝግቦ ይቀር ነበር።

ቃሉም ራሱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ዛሬ ተሰጥዖ ሲባል ሕዝቡ «ከመሰጠት» ጋር ያያይዘዋል። በቅዳሴ ቋንቋ ግን ተሰጥዖ ምእመናን ለካህኑ የሚመልሱት መልስ ነው። ክርክሩም የሚያርፈው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው፤ ተሰጥዖ ሕፃኑ ይዞት የሚወለደው ዕቃ ነው? ወይስ ለሚቀርብለት ጥሪ የሚሰጠው መልስ? የቅኔው ጉባኤ በቃል ስለ ጸጋና ስለ ዘር ቢናገርም በአሠራሩ ያደላው ወደ ሁለተኛው ነበር።

2. የቅኔ ቤት አሠራር

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ከንባብ ቤት ተነሥቶ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት አልፎ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ይደርሳል። ጎጃም ከሁሉ ይልቅ የታወቀው በቅኔ ነው። ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ ስልታቸው «ዋሸራ ቤት»፣ «ጎንጅ ቤት» ተብለው በመላው አገሪቱ ስም ያተረፉ ናቸው። ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ወርቅና ደብረ ኤልያስም ከየአውራጃው ተማሪ የሚጎርፍባቸው ጉባኤዎች ነበሩ።

ወደ ቅኔ ቤት የሚገባ ተማሪ የመግቢያ ፈተና አልነበረበትም። ዕድሜም አይጠየቅም፤ የ12 ዓመቱ ልጅና የ30 ዓመቱ ጎልማሳ በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ትምህርቱ የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው። ተማሪው ያን ሲችል ወደ ሦስት ቤቱ ወደ ዘአምላኪየ፣ ቀጥሎም ወደ ዋዜማና ወደ ሥላሴ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ጎን ለጎንም የግእዝ ግስንና አገባብን ያጠናል። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሸጋግረው የዓመቱ ማለቅ ሳይሆን የተማሪው መቻል ነው። በጥቂት ወራት የሚያልፍ አለ፤ ዓመታት የሚፈጅበትም አለ። የዘገየውን «ወደቀ» የሚለው መዝገብ አልነበረም።

የዕለቱ ሥራም እንዲህ ነበር። ተማሪው ከጓደኞቹ ተለይቶ በዛፍ ጥላ ወይም በመቃብር ቤት አጠገብ ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። የቆጠረውን ይዞ በመምህሩ ፊት ይነግራል። መምህሩም ቃሉ የጎደለበትን፣ ምሥጢሩ ያልሰመረለትን፣ ሰሙና ወርቁ ያልተገጣጠመለትን እየነቀሰ ያቀናለታል። የሌላውን ቅኔ ደግሞ እንደ ራስ አድርጎ ማቅረብ ነውር ስለሆነ ማንም ተማሪ በማስታወስ ኃይል ብቻ ሊገፋ አይችልም፤ በየዕለቱ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት። መምህሩ የተማሪውን አእምሮ የሚያውቀው በየቀኑ ከሚሰማው ሥራ ነው። ከዓመታት በኋላ ስለ ተማሪው የሚሰጠው ምስክርነትም ከዚያ የመነጨ ነው።

ቀድሞ የተራመደው ተማሪ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። አስነጋሪ ሆኖ የጀማሪዎችን ቅኔ ይሰማል፤ ያርማል። ከመምህሩ ያለውን ሁሉ የጨረሰ እንደሆነም ሌላ ስልት ፍለጋ ወደ ሌላ ጉባኤ ይሄዳል። እንዲህ ሲል ከዋሸራ ወደ ጎንጅ፣ ከጎንጅም ወደ ወሎው ዋድላ የሚዘዋወር ተማሪ ብዙ ነበር።

እንግዲህ የቅኔ ቤቱ አሠራር በሦስት መሠረቶች ላይ የቆመ ነበር ማለት ይቻላል፤ ችሎታን በዕለት ሥራ መመዘን፣ እያንዳንዱን እንደ እርምጃው ማስኬድ፣ የቀደመውንም ለኋለኞቹ መምህር ማድረግ።

ከዚህ ሥርዓት የወጡት ሰዎች ሥራቸው ምስክር ነው። በደብረ ኤልያስ ተወልደው በዚያው ቅኔን የተማሩት ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ በአዲስ አበባ የአማርኛ ቴአትር መሥራቾች ከሚባሉት አንዱ ሆነዋል። አቤ ጉበኛም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተነሥተው በአማርኛ ልብ ወለድ ከታወቁት ደራስያን ተሰልፈዋል። በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የተወለዱት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ቅኔን ካጠኑ በኋላ በአዲስ አበባ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ተምረዋል፤ የትምህርት ሚኒስትር ለመሆንም በቅተዋል። በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የሣሉት በዛብህም የድሀ ገበሬ ልጅ ሆኖ በቅኔ የላቀ ተማሪ ነው። ልብ ወለድ ቢሆንም በዚያ አገር አእምሮ ያለው የድሀ ልጅ ምን መንገድ እንደ ነበረው፣ መንገዱም በምን ዓይነት የማዕረግ ግድግዳ ላይ እንደሚያበቃ ያሳያል።

3. የጉባኤው በር ለማን ይከፈት ነበር?

የአባቶችን ሥርዓት ማመስገን ተገቢ ቢሆንም ጉድለቱን መሸፈን ግን አይገባም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ ሕይወቱ ከባድ ነበር። በርሃብና በወረርሽኝ በየመንገዱ የቀሩት ታሪክ የላቸውም። ሊቃውንቱን ብቻ ቆጥሮ «ሥርዓቱ ተሰጥዖን አያስቀርም ነበር» ማለት ያልደረሱትን ሳይቆጥሩ መፍረድ ነው።

ከዚህ የበለጠው ጉድለት የሴቶች ነገር ነው። የቅኔ ጉባኤ በልማድ የወንዶች ነበር። ይሁንና በ20ኛው ክፍለ ዘመን በጎጃም በጽላሎ የታወቁት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ዓይነ ስውር ሴት ሆነው ሳሉ የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ወንዶች ተማሪዎችም ከእግራቸው ሥር ተቀምጠው ተምረዋል። የገላነሽን ታሪክ አንዳንዶች ጸጋ ምንም እንደማይከለክለው ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። ነገር ግን አባታቸው የቅኔ መምህር ነበሩ፤ ልጅቱ ቅኔን ያገኘችው ከቤት ሳትወጣ፣ ከአባቷ አፍ ነው። ያች ልጅ የአንድ አራሽ ልጅ ሆና ብትወለድ ኖሮ አእምሮዋ ያው ሆኖ ሳለ ማንም አይሰማትም ነበር። በየቀበሌው ስንት ገላነሾች ውኃ ሲቀዱና እህል ሲፈጩ እንደ ኖሩ ሊታወቅ አይችልም። የተሰጥዖ ክርክር ዋናው ነጥብም ይህ ነው፤ ተሰጥዖ የሚታየው በር በተከፈተበት ስፍራ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጉድለት የእጅ ሥራ ነገር ነው። ብረት የሚያቀልጠው ቀጥቃጭ፣ ሸማኔው፣ ፋቂውና ሸክላ ሠሪዋ የያዙት ጥበብ ረቂቅ ስሌትና ሰፊ ልምድ የሚጠይቅ ነበር። ማኅበረሰቡ ግን ይህን ጥበብ ከማክበር ይልቅ ፈራው፤ ባለሙያዎቹንም «ቡዳ» እያለ አገለላቸው። በአንድ አገር፣ በአንድ ዘመን፣ የቃል ብልሃት «ጸጋ» ሲባል የእጅ ብልሃት «ክፉ ዓይን» ተብሏል። ማን ባለ ተሰጥዖ ተብሎ እንደሚጠራ የሚወስነው የሕፃኑ አእምሮ ብቻ ሳይሆን የተመልካቹ ሚዛንም መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

4. የመለኪያው ሐሳብ በውጭው ዓለም

የጎጃም ጉባኤዎች በዚህ ሁኔታ ሲሠሩ በአውሮፓና በአሜሪካ ሌላ አስተሳሰብ እየተስፋፋ ነበር። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1869 ባሳተመው መጽሐፉ ታላቅ ችሎታ በዘር የሚወረስ ነው ሲል ተከራከረ። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ከሥራ ባልደረባው ከሲሞን ጋር የመጀመሪያውን የአእምሮ መመዘኛ አዘጋጀ። የቢኔ ዓላማ ልዩ ርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ሕፃናት ለይቶ ማወቅ ነበር፤ ውጤቱ የማይለወጥ የተፈጥሮ ልክ ተደርጎ እንዳይወሰድም ተከራክሯል።

በአሜሪካ ግን መመዘኛው ለሌላ ጉዳይ ዋለ። ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1916 ካሻሻለው በኋላ ከ1921 ጀምሮ በከፍተኛ ውጤት የተመረጡ ከ1,500 የሚበልጡ ሕፃናትን መከታተል ጀመረ። ከተመረጡት ብዙዎቹ በሕይወታቸው ተሳክቶላቸዋል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ተፈትነው ውጤታቸው ስላልበቃ የቀሩ ሁለት ልጆች፣ ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በኋላ በፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚዎች ሆኑ። አንድ ፈተና፣ በአንድ ቀን፣ ስለ አንድ ሕፃን የሚናገረው ውሱን መሆኑን ይህ በቂ አድርጎ ያሳያል።

ጆሴፍ ሬንዙሊ እ.ኤ.አ. በ1978 ያቀረበው አስተያየት ከዚህ ይለያል። በእርሱ አባባል የላቀ ሥራ የሚገኘው ከመካከለኛ በላይ የሆነ ችሎታ፣ የፈጠራ ኃይልና ለሥራ የመጽናት ጠባይ ሲገናኙ ነው። ይህን ሐሳብ የቅኔ መምህር ቢሰማው እንግዳ አይሆንበትም። ግስና አገባብ መያዝ፣ አዲስ ምሥጢር ማምጣት፣ በረሃብና በብርድ ጸንቶ መቆጠር በእርሱም ጉባኤ ሦስቱ የሊቅነት መንገዶች ነበሩና።

5. ዘመናዊው ትምህርት ቤትና ፈተናው

ዘመናዊ ትምህርት በጎጃም ሲስፋፋ በመጀመሪያ ከቄስ ትምህርት የመጡትን ልጆች መቀበል ነበረበት። ዳዊት የደገመ ልጅ ከፊደል ጀማሪ ጋር አንደኛ ክፍል ቢቀመጥ ጊዜው በከንቱ ያልፋል። ስለዚህ በብዙ ትምህርት ቤቶች በዓመት ሁለት ክፍል ማዛወር የተለመደ ነበር። አሠራሩ ከቅኔ ቤቱ «እንደ እርምጃው ማስኬድ» ጋር የተዛመደ ነበር። የክፍሎች ሥርዓት እየጠበቀ፣ የተማሪው ቁጥርም እየበዛ ሲሄድ ግን ቀስ በቀስ ቀረ።

በምትኩ የመጣው ብሔራዊ ፈተና ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የ8ኛ ክፍል ፈተናና የ12ኛ ክፍል የመልቀቂያ ፈተና የክፍለ ሀገሩን ልጅ ከመሳፍንቱ ልጅ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ አገናኙ። ይህ ታላቅ ጥቅም ነበር። ፈታኙ የተማሪውን አባት አያውቅም፤ ገበሬ ይሁን ደጃዝማች አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1943 በኮተቤ፣ በ1946 ደግሞ በጄኔራል ዊንጌት ስም የተከፈቱት የአዳሪ ትምህርት ቤቶችና በኋላም የበእደ ማርያም ትምህርት ቤት ከየክፍለ ሀገሩ የተመረጡ ተማሪዎችን ሰብስበው ለዩኒቨርሲቲ አዘጋጅተዋል።

ጉዳቱ ግን አብሮ መጣ። አንደኛ፣ የአንድ ቀን ወረቀት የዓመታትን የመምህር ምስክርነት ተካ። ሁለተኛ፣ ለተመረጠው የተሰጠው ምላሽ ከአገሩ ማውጣት ሆነ። የቅኔ ቤቱ ባለ ተሰጥዖ አስነጋሪ ሆኖ በጉባኤው ውስጥ ሲቆይ የዘመናዊው ባለ ተሰጥዖ አዲስ አበባ ገብቶ አብዛኛውን ጊዜ አልተመለሰም። ሦስተኛ፣ ያልተመረጠው «ወዳቂ» የሚል ስም ተሸክሞ ወደ ቤቱ ተላከ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ትምህርት ወደ ገጠር በስፋት ቢደርስም የክፍሎች መጨናነቅና የፈረቃ ትምህርት መምህሩ እያንዳንዱን ሕፃን የሚሰማበትን ጊዜ ይበልጥ አጠበበው።

በቅርብ ዓመታት የታየው ውጤትም ይህን ክርክር አድሶታል። በ2014 ዓ.ም. በመላው አገሪቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2። ከመቶ ወጣቶች 97ቱ አእምሮ የላቸውም የሚል ሰው አይገኝም። እንዲህ ያለው ቁጥር ስለ ሕፃናቱ ተፈጥሮ ሳይሆን ስለ ተማሩባቸው ክፍሎች የሚናገር ነው። በአማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶችን አዘግቷል። በተዘጋ ትምህርት ቤት ደጃፍ የቆመ ሕፃን ባለ ተሰጥዖ ይሁን አይሁን በፈተና አይታወቅም።

6. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

በተለያዩ ክልሎች በፈተና የተመረጡ ተማሪዎች የሚማሩባቸው ልዩ ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። የሚደግፏቸው ወገኖች አገሪቱ ሐኪምና መሐንዲስ እንደሚያስፈልጋት፣ ብሩህ ተማሪም በተጨናነቀ ክፍል እንደሚባክን ያስረዳሉ፤ ክርክሩ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ በፈተና የሚመረጠው ከሁሉ አስቀድሞ ጥሩ መምህርና መጽሐፍ ያገኘው ልጅ ነው። ከማቻከል ወይም ከሰከላ የገጠር ቀበሌ በአንድ መጽሐፍ ለብዙዎች የሚማረው ልጅ አእምሮው የቱንም ያህል ቢሆን ለውድድሩ ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ልዩ ትምህርት ቤት የመጨረሻው ደረጃ እንጂ የመጀመሪያው ምላሽ ሊሆን አይችልም። የመጀመሪያው ምላሽ በየክፍሉ፣ በየመምህሩ እጅ ነው።

በዚህ ረገድ ከቅኔ ቤቱ ታሪክ የሚወሰዱ ተግባራዊ ነጥቦች አሉ።

ሀ. መዝገብ። መምህሩ በሴሚስተሩ መጨረሻ ከሚሰጠው ማርክ ሌላ አንድ ተማሪ ያልተጠበቀ ጥያቄ የጠየቀበትን፣ በራሱ መንገድ ስሌት ያወጣበትን፣ ያልታዘዘውን ሠርቶ የመጣበትን ቀን በአጭር ቃል ቢመዘግብ ከዓመት በኋላ ከማንኛውም ፈተና የተሻለ ማስረጃ ይኖረዋል። ተከታታይ ምዘና የተባለው ሐሳብ ትክክለኛ ትርጉሙ ይህ ነው፤ በየሳምንቱ ትንንሽ ፈተና መደርደር አይደለም።

ለ. አስነጋሪነት። የቀደመ ተማሪ ጓደኞቹን እንዲያስረዳ ቢደረግ ብዙ ተማሪ ላለበት ክፍል ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ለራሱም ዕውቀቱን ያጠራለታል። ነገር ግን አስነጋሪው ራሱ መማር እንዳያቆም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የቅኔው አስነጋሪ ጠዋት የሌሎችን ሲሰማ ማታ የራሱን ከባድ መወድስ ይቆጥር ነበር። የሚከብደው ሥራ ያልተሰጠው ብርቱ ተማሪ የመምህሩ ረዳት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሐ. እርምጃ። ክፍል ማዘለል በማይቻልበት ቦታ እንኳ በአንድ የትምህርት ዓይነት የቀደመው ልጅ በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ከላይኛው ክፍል ጋር እንዲቀመጥ ማድረግ በጀት አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው የርዕሰ መምህሩን ፈቃድ ነው።

መ. በር። መምህሩ «በክፍሌ ጎበዞቹ እነማን ናቸው?» ብሎ ከጠየቀ በኋላ «ለመሆኑ እነማንን ሰምቼ አላውቅም?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ከኋላ የምትቀመጠው ልጃገረድ፣ ከብት ጠብቆ ዘግይቶ የሚመጣው ልጅ፣ ማየት ወይም መስማት የተሳነው፣ ከሽቦ መኪና የሚሠራው፣ የሸማኔው ልጅ በዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባታቸው አይቀርም። የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆችም ዕጩ መምህራንን ወደ ክፍል ሲልኩ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ የልምምዱ አካል ቢያደርጉት ይገባል።

ማጠቃለያ

የጎጃም ደጋ የትምህርት ታሪክ የተሰጥዖን ክርክር በአንድ ወገን አይዘጋውም። ሕፃናት በተፈጥሮ ይለያያሉ፤ ይህን የቅኔ መምህራንም አልካዱም። ነገር ግን ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ አስቀድመው ለመለካት አልሞከሩም፤ ሥራ ሰጡ፣ በየዕለቱ ሰሙ፣ ያልሰመረውን አቀኑ። ድክመታቸው የሰሙት የተወሰኑትን ብቻ መሆኑ ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት በሩን ለሁሉ ከፈተ፤ ድክመቱ ደግሞ የገባውን ሁሉ ለመስማት ጊዜ አለማግኘቱ ነው። ለሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችና ለመምህራን የቀረው ሥራ የሁለቱን መልካም ጎን ማገናኘት፣ ማለትም ለሁሉ በተከፈተው ክፍል ውስጥ እያንዳንዱን ሕፃን የሚሰማ መምህር ማኖር ነው። የክፍል ተማሪ ቁጥርን መቀነስ፣ የመምህሩን ክፍለ ጊዜ ማቃለልና መጻሕፍትን ማዳረስ ከተሰጥዖ ጋር የማይገናኙ የበጀት ጉዳዮች መስለው ይታዩ ይሆናል፤ ነገር ግን ባለ ተሰጥዖውን ሕፃን ለማግኘት ከእነዚህ የቀደመ መንገድ የለም።